ዘንገና ላይ የቀመስኩት ባሕር

ባለቤቴ አድማሴ በንጉሡ ጊዜ ምጽዋ ባሕር ኃይል ውስጥ ያገለግል ነበር። እረፍት ሲያገኝ ወደ ዳህላክ ደሴት ይሻገራል። ወደ አገራችን ቆሰበር በመጣ ቁጥር ወሬው ሁሉ ስለዚያ ደሴት ነው፤ ስለ ነጩ አሸዋ፣ እግሩ ሥር ስለሚዋኘው ሰማያዊ ዓሣ፣ በጀልባ እየዞረ ስለሚለቅመው ዛጎል።

«አንድ ቀን እወስድሻለሁ» ይለኛል።

«ገብሱን ማን ሊያጭደው?» እለዋለሁ።

አገልግሎቱን ጨርሶ የተመለሰ ዓመት፣ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወደ ዘንገና ሐይቅ ይዞኝ ወረደ። ሱሪውን ሰብስቦ ውሃው ውስጥ ገባና «ይኸው ባሕርሽ» አለኝ።

በመዳፌ ጨልፌ ቀመስኩት።

«ባሕር ጨው ነው አላልክም? ውሸታም።»

ከጋቢው ጫፍ ቋጠሮ ፈታና መዳፌ ውስጥ በቀረው ውሃ ላይ ጨው ነሰነሰበት። ለካ ከቤት ሲወጣ አስቦበት ኖሯል።

«አሁን ቅመሽው።»

ቀመስኩት። ፊቴ ሲጨማደድ አይቶ ውሃው ውስጥ እንደቆመ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ።

አድማሴ ካረፈ ቆየ። ልጆቼ እውነተኛውን ባሕር እናሳይሽ እያሉ ይጨቀጭቁኛል። ቀምሼዋለሁ፣ ተውኝ እላቸዋለሁ። አሁንማ ዘንገና ብወርድም ጨው የሚነሰንስልኝ የለም።