ቋጠሮ የሌለው ትራስ

አልጋ ቤት ስመርጥ ለልጇ ሚስት እንደምትፈልግ እናት ነኝ፤ የማላወጣው እንከን የለም። ብቻዋን የምትጓዝ ሴት እንዲህ ካልሆነች በሰላም ተኝታ አትነሣም። መጀመሪያ የማየው በሩን ነው። ከውስጥ ይቀረቀራል ወይ? ቀጥሎ መስኮቱን፣ ቀጥሎ መጸዳጃ ቤቱ ከክፍሉ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ከሁሉ በላይ ግን ቁልፉን የሚይዘውን ሰው ዓይን አያለሁ። ርካሽ ቤት መጥፎ ቤት ነው ያለው ማነው? ርካሹን መምረጥ የማያውቅ ነው መጥፎው ላይ የሚወድቀው።

ባለፈው ሳምንት ለሙያ ፈተና ወደ ትልቁ ከተማ ሄጄ ነበር። ልብስ ሰፊ ነኝ። ፈተናውን ካለፍኩ በምሠራበት ፋብሪካ የቆራጮች ኃላፊ ያደርጉኛል። ከአውቶቡስ ወርጄ ሻንጣዬን እየጎተትኩ ቤት ማየት ጀመርኩ።

የመጀመሪያው ከሥሩ ጭፈራ ቤት ነበረበት፤ መቀርቀሪያውም በአንድ ብሎን ተንጠልጥሏል። ባለቤቱን "ይኼ በር እኮ ቢያስነጥሱ ይከፈታል" ብላቸው ተቆጡኝ። ሁለተኛው ንጹሕ ነበር። ነገር ግን እንግዳ ተቀባዩ "ብቻሽን ነሽ?" ብሎ ጠየቀኝ፤ አዎ ብዬው ትንሽ ቆይቶ "ብቻሽን ነሽ አይደል?" ብሎ ደገመው። ይኼን ጥያቄ ሁለቴ የሚጠይቅ ሰው የክፍሌን ትርፍ ቁልፍ ይዞ እንቅልፍ አይወስደኝም። ሻንጣዬን አንሥቼ ወጣሁ።

ሦስተኛው ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ያለ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ነው። ቁልፍ ያዥዋ ቁልፎቹን ሁሉ ወገባቸው ላይ አስረው ሲራመዱ የሚንሿሹ፣ ወፈር ያሉ ሴት ናቸው። "ሳላይ አልከፍልም" ስላቸው አልተቀየሙኝም፤ "እሱስ ደግ አደረግሽ" ብለው ሰባት ቁጥርን ከፈቱልኝ። በሩን አየሁ፤ ደህና ነው። ከዚያ ጎንበስ ብዬ አንሶላውን አሸተትኩት። ፀሐይና ሳሙና ሸተተኝ። ዳር ዳሩን ስዳብሰው ተጠግኗል፤ ያውም እጅ ካልነካው በዓይን በማይለይ ጥገና። አንሶላ ሲቀደድ የሚጥል ቤት ሀብታም ነው፤ እንደተቀደደ የሚያነጥፍ ቤት ግድ የለሽ ነው፤ የሚጠግን ቤት ግን ሰው አለው። "ይኼን ይዣለሁ" አልኳቸው።

አንድ ያልተናገርኩት መመዘኛ ነበረኝ። ቤቱ ከአክስቴ ቤት መራቅ አለበት።

አክስቴን እታለም ነው የምላት። እናቴ ስትሞት ወስዳ ያሳደገችኝ፣ መርፌም ያስያዘችኝ እሷ ናት። ቀጭንና ተናካሽ ስለነበርኩ "መርፌ" ብላ ስም አወጣችልኝ። ከዓመታት በፊት ልጇ ወደዚህ ከተማ ወሰዳት፤ በስልክ ባገኘኋት ቁጥር "ዳገቱ ሰፈር፣ ልጄ ሰፊ ቤት ውስጥ አንቀባሮ ይዞኛል" ትለኛለች። እኔ ግን አንድ ቀን እንኳ ሄጄ አልጠየቅኳትም። አሁን ድንገት ሻንጣ ይዤ ብቅ ብል አልጋዋን ለቅቃልኝ መሬት ትተኛለች፤ ባልሽን ለምን ፈታሽው ብላ ታነጋኛለች፤ በአፏ አትለኝም እንጂ ለምን ጠፋሽ የሚለውም ፊቷ ላይ ይነበባል። ያሳደገችኝ ሴት ፊት ስቆም ዛሬም አፍንጫዬን ያልተጠረግኩ ልጅ ነኝ። ስለዚህ ከመሄዴ በፊት ደወልኩና ዓይኔን በጨው አጥቤ ዋሸሁ።

"እታለም፣ ለፈተና እመጣለሁ፤ ግን መሥሪያ ቤቱ ሆቴል ይዞልናል። ከግቢው መውጣት ክልክል ነው።"

"እሰይ!" አለች ወዲያው። "ትልቅ ሆቴል ነው? እሰይ የኔ ልጅ። በርቺ።"

አለመለመኗ ገረመኝ። ትንሽም ከፋኝ፤ ዋሾዋ እኔ፣ ተቀያሚዋም እኔ። ዘመድ እያላት አልጋ ቤት ያደረች ሴት በእኛ ዘንድ ምን እንደምትባል አውቃለሁ፤ ዘመዶቿ ምን እንደሚባሉ ደግሞ የባሰ ነው። ግን ማን ያያል ብዬ ከዳገቱ ሰፈር በተቃራኒ፣ ሜዳው ላይ አልጋ ያዝኩ።

ያን ዕለት ማምሻውን ትራሴን ሳገላብጥ የትራሱ ልብስ ጥጉ ላይ ተተርትሮ አገኘሁት። የራሴ ልብስ ቢሆን ችላ እለው ነበር፤ የሰው ትራስ ተተርትሮ እያየሁ ግን አልተኛም፤ የሙያ በሽታ ነው። መርፌና ክር አውጥቼ ሰፋሁት። ስጨርስ እንደ ልማዴ ክሩን አልቋጠርኩም፤ ጫፉን ስፌቱ ውስጥ መልሼ ቀበርኩት። "ትራስ ላይ ቋጠሮ አይደረግም፣ የተኛን ሰው ፊት ይቧጥጣል" ትል ነበር እታለም። ልጅ ሆኜ የክሩን ጫፍ ደብቄ ሳሳያት በአውራ ጣቷ ትዳብሰውና "ጎሽ" ትለኛለች። ያቺን "ጎሽ" ለማግኘት ስንት ትራስ እንደሰፋሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

ከዚያ የትራሱን ሌላ ጥግ አየሁ። እዚያም የቆየ ጥገና ነበረ። እዚያም ቋጠሮ አልነበረም።

ዓለም ሰፊ ናት፤ ቋጠሮ የሚጠላ ሌላ ሰውም አይጠፋም አልኩና ተኛሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ጠዋት ለፈተናው ለባብሼ ስጨርስ ከግቢው ድምፅ ሰማሁ። ስልክ ያላቀጠነው፣ ያደግኩበት ድምፅ። መጋረጃውን በጣቴ ገለጥ አድርጌ ወደ ታች አየሁ። እታለም ናት። አንሶላ የታሰረበት ትልቅ ጥቅል ተሸክማለች፤ ጥቅሉ ከእሷ ይበልጣል። ቁልፍ ያዥዋ ከጀርባዋ እያወረዱላት ነበር። አልጋው ላይ ተቀመጥኩ።

"ዛሬ ዓይንሽ ምን ሆኗል? አልቅሰሻል እንዴ?" አሏት ቁልፍ ያዥዋ።

"ልጄ ከተማ ገብታለች።"

"የትኛዋ ልጅሽ?"

"ያሳደግኳት ናት፤ ሰፊዋ፣ መርፌ የምላት። መሥሪያ ቤቷ ትልቅ ሆቴል ይዞላታል።"

"ታዲያ ይኼ ያስለቅሳል? እልል ያሰኛል እንጂ!"

"አልኩ እኮ፤ እሰይ ነው ያልኩት" አለች እታለም። "የልጄ ሚስት ከቤት ካወጣችኝ ወዲህ ያለሁባትን ክፍል ታውቂያታለሽ፤ ለእኔ ለራሴ እግር አታዘረጋም። ልጄ አንቀባሮ ይዞኛል እያልኩ ስዋሻት ኖሬ የት ላሳድራት? ሆቴል ይዘውልኛል ስትለኝ ተገላገልኩ አልኩ። ስልኩ ሲዘጋ ነው የገባኝ። ልጇ መጣሁ ስትላት የምትገላገል እናት አለች? ምን ዓይነት ሴት ነኝ?"

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሷ ቤት የላትም፤ ቤት ስለሌላት ደግሞ እኔን እንደበደለች ቆጥራ ታለቅሳለች። እኔ ደግሞ እዚያው ከራሷ በላይ፣ እሷ አጥባ እሷ የጠገነችው አንሶላ ላይ ተቀምጬ እሰማታለሁ። ከከተማው አልጋ ሁሉ መርጬ፣ አሽትቼ፣ ዳብሼ የያዝኩት የሸሸኋትን ሴት እጅ ነው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ እኔ ግን ጠልቻት አልነበረም፤ ይኼን የሚነግርልኝ ግን አልነበረም።

ልውረድ ልቅፋት አልኩ። እንደገና አሰብኩ፤ ብወርድ ውሸቴ ብቻ አይደለም የሚጋለጠው፤ የእሷም ነው፤ ያውም ጥቅሉ እግሯ ሥር ቁጭ ብሎ። ለእሷ አስቤ ነው የቀረሁት ማለት እችላለሁ። እውነቱ ግን ፈርቼ ነው።

"ሰባት ቁጥር ዛሬ ይቀየራል፤ አንኳኪ" ሲሉ ሰማሁ ቁልፍ ያዥዋ።

ደረጃውን ስትወጣ እግሯን እንደምትጎትት አወቅኩ። ድሮ አትጎትትም ነበር። በሩ ተንኳኳ።

"አንሶላ ነበር፣ የኔ እመቤት።"

የኔ እመቤት! ድምፄን ብታውቀውስ ብዬ ዝም አልኩ። ሁለተኛ አንኳኳች። አንሶላውንና የትራሱን ልብስ ገፍፌ ጠቀለልኩ፤ በሩን ጥቂት ብቻ ከፍቼ፣ ከኋላው ተደብቄ፣ ጥቅሉን በእጄ ብቻ ወደ ውጭ ዘረጋሁላት።

እጆቿ ጥቅሉን ያዙት። ወዲያው ግን አልወሰዱትም። ያን ጊዜ ትዝ አለኝ፤ የሌባ ጣቴ ጥፍር ለሁለት የተሰነጠቀ ነው። ልጅ ሳለሁ የስፌት መኪና መርፌ በስቶት ነው፤ መርፌውን ያወጣችልኝ፣ እያባበለች ደሙን የጠረገችልኝ እሷ ናት።

"እግዜር ይስጥልኝ" አለች በመጨረሻ፤ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ። ጥቅሉን ወስዳ ቀስ ብላ ወረደች። አላየችም፣ ዓይኗ ደክሟል አልኩ ለራሴ። ይኼ አንሶ፣ የውጭው በር እስኪዘጋ ጠብቄ ወጣሁ።

ፈተናው ላይ እጅጌ ቆርጬ ገጠምኩ። እጄ ሠራ፤ ልቤ ግን እዚያ አልነበረም። ፈታኟ እጅጌውን ገልብጣ አየችውና "የማን ተማሪ ነሽ?" አለችኝ። እንዲያ ስትጠይቀኝ እንባዬ መጣ፤ ደስታ መስሏት ፈገግ አለችልኝ። ማለፌን እዚያው ነገሩኝ። ለማን ደውዬ ልንገር? ከወትሮው የምደውለው ለእታለም ነበር።

ወደ ማምሻው ስመለስ አልጋዬ ተነጥፏል። አንሶላው ተወጥሮ ገብቷል። ትራሱ ሁለት ሆኗል።

ከልጅነቴ ጀምሮ በአንድ ትራስ እንቅልፍ አይወስደኝም። ይኼን የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ ብዙ የለም፤ የፈታሁት ባሌ እንኳ ልብ አላለውም ነበር። ወረድኩና ቁልፍ ያዥዋን ጠየቅኳቸው።

"አጣቢዋ ናት" አሉ። "ከሰዓት ተመልሳ መጥታ ራሷ አነጠፈችው። 'የሰባት ቁጥሯ እንግዳ በአንድ ትራስ እንቅልፍ እንቢ ይላታል' አለችኝ። ከየት አወቅሽ ብላት 'ከትራሱ ያስታውቃል' አለች። ደግሞ ነገ አልመጣም ብላ ሄደች። ታመምሽ እንዴ ስላት፣ 'የለም ደህና ነኝ፤ ግን እንግዳዋ እስክትሄድ አልመጣም' አለችኝ። እስቲ ይኼ ምን የሚሉት ነገር ነው? ሥራዋን ቀልድ አድርጋዋለች እንዴ?"

እኔ እንዳልደበቅ እሷ ቀረች። የቀን ሥራዋን ትታ መንገዱን ለቀቀችልኝ።

"የት ነው የምትኖረው?" አልኳቸው።

ፊታቸው ተለወጠ። "ምነው? ዕቃ ጠፋብሽ እንዴ? እሷ እኮ የሰው መርፌ የማትነካ ሴት ናት!"

አክስቴ ናት። ሁለት ቃል ነው። እናቴ ናት ብልም ውሸት አይሆንም ነበር። አፌ ላይ መጣ፤ ከዚያ "ታዲያ ምን ልትሠሪ እዚህ አደርሽ?" የሚለው የሳቸው ጥያቄ ታየኝና ዋጥኩት።

"ኧረ ምንም አልጠፋብኝ" አልኩ። "ላመሰግናት ፈልጌ ነው። ነገ ወደዚያ የማልፍ ከሆነ የሚታጠበውን አንሶላም አደርስልዎታለሁ።"

"ተባረኪ!" አሉ ደስ ብሏቸው። "ከገበያው ጀርባ፣ ከውኃ ታንከሩ ሥር ባለው ግቢ ነው። የእንግዳ ደግ አለ ማለት ነው።"

ሁለት ትራስ ላይ ተኝቼ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሲነጋ ሻንጣዬን በአንድ እጄ ያዝኩ፤ የአንሶላውን ጥቅል ቁልፍ ያዥዋ ጀርባዬ ላይ አሸከሙኝ። ገና ገበያው ጋ ሳልደርስ ወገቤ ተቆረጠ። በዕድሜዋ ይኼን በየቀኑ መሸከሟን አሰብኩና ለማረፍ አፈርኩ። የምለውን መንገድ ለመንገድ አዘጋጀሁ፤ ይቅር በይኝ፣ ነይ አብረን እንሂድ፣ ከእንግዲህ አንሶላ አታጥቢም፣ አሁን ደሞዜ ያድጋል። አፌን ሞልቼ የምናገረው ነገር ሞልቶኝ ነበር።

ግቢው ውስጥ ገመድ በገመድ ላይ ተወጥሯል። ከታንከሩ ሥር በሯ የተከፈተ አንዲት ክፍል አለች፤ ፍራሹ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሞልቷታል። እታለም ደጃፉ ላይ ተቀምጣ የትራስ ልብስ ትጠግናለች። ቀና ብላ አየችኝ። አልደነገጠችም። ተነሥታ መጀመሪያ ጥቅሉን ከጀርባዬ አወረደችልኝ፤ ትከሻዬን አሸት አሸት አደረገችኝ። ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋኝ።

ከዚያ ወደ መንገዱ አሻግራ አየች፤ የተከተለኝ ሰው እንዳለ ለማየት ነው። ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

"ዘመዴ ናት ብለሽ ለሴትዮዋ አልነገርሻትም አይደል?" አለችኝ። "ዘመድ እያላት አልጋ ቤት አደረች ብለው እንዳያሙሽ ፈርቼ እኮ ነው። እኔስ ግድ የለኝም።"

መልስ ስትጠብቅ እጄን ይዛ፣ የተሰነጠቀውን ጥፍሬን በአውራ ጣቷ ትዳብሰው ነበር።

"አልነገርኳቸውም" አልኩ። እውነት ነበር።

ልጅ ሆኜ የክሩን ጫፍ ደብቄ ሳሳያት በምትለው በዚያው ድምፅ፣ "ጎሽ" አለችኝ።