አባ መብረቅ የተደበቀበት ዋሻ

...ደግሞስ ለምን ምንሽር፣ ጎራዴ ብትለው ምን ነበረበት፣ ጦር፣ ዱላ፣ ዱላ ይዞ የሸፈተ ሰው የለም እንዴ፣ የለም፣ የሺጥላ ራሱ ነው ምንሽር ካልሰጠሽኝ አልሸፍትም ያለው፣ ሁሉም ሳቁ፣ እሷም በማግስቱ ቢሮ ገብታ እየሳቀች ጻፈችለት፣ አባ መብረቅ፣ ሥራው ሽፍትነት፣ ጉልበቱ ዐሥራ አራት፣ መሣሪያው አንድ ምንሽር ከሠላሳ ጥይት ጋር፣ የተደበቀበት ከአልዩ አምባ በላይ ያለ ዋሻ። በገዛ እጇ። በመንግሥት የጽሕፈት መኪና፣ በመንግሥት ወረቀት።

ዘርፈሽዋል የምርመራ ክፍሉ ኮሪደር ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች፣ ጭኗ ላይ በነጠላ የተጠቀለለ ሣጥን አለ፣ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ነው፣ የደብረ ብርሃን ቁር በበሩ ሥር ገብቶ ቁርጭምጭሚቷን ይዟታል፣ ማንም አልጠራትም፣ በራሷ እግር ነው የመጣችው፣ ዘበኛው ምን ፈልገሽ ነው ሲላት የየሺጥላን ጉዳይ የሚያዩትን ሰው አለች፣ ምኑ ነሽ አላት፣ ምኑ ናት፣ እህቱ አይደለችም፣ እጮኛው አይደለችም፣ እሁድ እሁድ ሽፍታ የምታደርገው ሴት ናት፣ የማውቀው ሰው ነው አለች፣ ቁጭ በይ አላት።

ይኸው ተቀምጣለች።

ከተያዘ ዐሥራ ሦስት ቀን። የሺጥላ አክስቱን ሊጠይቅ ወደ አንኮበር ሲሄድ ኬላው ላይ አወረዱት፣ የአምስተኛ ክፍል አስተማሪ ነው፣ ኮቱን ፈተሹት፣ ከጠመኔ ብናኝና ከመሐረብ ጋር ያቺ ወረቀት ወጣች፣ ለምን ይዟት ይዞራል፣ ይወዳታላ፣ በእረፍት ሰዓት እያወጣ ያነባታል፣ በዚያው ቀን ነገሩ ከተማው ውስጥ ተሰማ፣ አስተማሪው መሣሪያ ደብቆ ተያዘ፣ አራት ነበሩ የእሁዱ የተረት ጨዋታ ላይ፣ ሦስቱ ቀሩ፣ ሦስቱም ዝም አሉ። አብዱልሀሚድ የልብስ መስፊያ ክፍሉን በር ዘግቶ፣ ዘርፌ ዝም በይ፣ ጨዋታ ነበር ብለሽ ብትሄጂ ማን ያምንሻል፣ ወላሂ ሁላችንንም ነው የሚለቅሙን አላት። እናናየሁ ከጤና ጣቢያው የለበሰችውን ነጭ ጋወን እንኳ ሳታወልቅ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ዘርፌስ፣ እሷማ ዝም በይ የሚላት ሰው በማግኘቷ ደስ አላት፣ አዎ ደስ አላት፣ ሌላውን ሁሉ መካድ ይቻላል ይህን ግን ለራሷ መካድ አትችልም፣ ቤቷ ገብታ ራቷን በላች።

ጠግባ።

ትናንት ግን እማማ አመተ ማርያምን አየቻቸው፣ የየሺጥላን እናት፣ በየቀኑ ለልጃቸው ስንቅ ይዘው በሩ ላይ ይቆማሉ፣ እስከ ትናንት ይቀበሏቸው ነበር፣ ትናንት ሳህኑ እንደ ታሰረ ተመለሰ፣ አሮጊቷ ቋጠሮውን ይዘው መንገዱ መሐል ቆሙ፣ አላለቀሱም፣ ልጄ ዘርፌ፣ ስንቁ ለምን ይሆን የተመለሰ፣ አንቺ ቢሮ የምትሠሪ ነሽ፣ ታውቂ ይሆናል ሲሉ ጠየቋት፣ የስንቅ መመለስ ምን ማለት እንደሆነ በዚህ አገር የማያውቅ የለም፣ እሳቸውም ያውቃሉ፣ ያወቁትን ሌላ ሰው እንዲያፈርስላቸው ነው የጠየቋት፣ እሷም ምናልባት ሐኪም ቤት ወስደውት ይሆናል አለች፣ ሐኪም ቤት፣ ይህም ማጽናኛ ሆኖ።

አሜሪካዊው የሒሳብ መምህሯ ናቸው ጥፋተኛው፣ እሳቸው አይደሉም ጥፋተኛው፣ በስድሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት አሜሪካኖች ከአገር ውጡ ሲባሉ ሣጥኑን ሰጥተዋት ሄዱ፣ አንቺ ተረት ትወጃለሽ ብለው፣ ውስጡ ቀጭን መጽሐፍና ቁጥር የተቀረጸባቸው ጠጠሮች፣ አንዱ አራት ፊት፣ አንዱ ሃያ ፊት፣ መጽሐፉን ተርጉማ ለማንበብ አንድ ክረምት ፈጀባት፣ ሕጉ ቀላል ነው፣ አንዱ ይተርካል፣ ሌሎቹ ሌላ ሰው ይሆናሉ፣ መንገዱ ሁለት ላይ ሲከፈል ወዴት ትሄዳላችሁ ይባላሉ፣ ይመርጣሉ፣ ከዚያ ጠጠሩ ይጣላል። የፈረንጁን ግንብና ጭራቅ ጣለችው፣ አንኮበርን፣ ቆላውን፣ ጭጋጉን አስገባች። አብዱልሀሚድ የአሞሌ ነጋዴ ሆነ፣ እናናየሁ ወጌሻ ሆነች፣ የሺጥላ ሽፍታ። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት፣ በአብዱልሀሚድ ክፍል፣ ጨርቁን ወደ ጥግ ገፍተው፣ እንዴት ይጣፍጥ ነበር፣ ሳምንቱን ሙሉ ያንን ነው የሚያስቡት፣ እናናየሁ ፖስታ ቤት ሰልፍ ላይ ጠጋ ብላ እባክሽ በቅሎዋ ወንዙን ተሻግራ ይሆን ትላታለች፣ እሁድ ትሰሚያለሽ፣ አሁን ንገሪኝ፣ አልነግርሽም። ብርድ ልብስ ፋብሪካው የሚሠሩት ልጆች እንኳ ከአብዱልሀሚድ ሰምተው የራሳቸውን ጀምረዋል ተባለ፣ የባሕር ነው አሉ የእነሱ፣ መርከብና የባሕር ወንበዴ፣ አንዳቸውም ባሕር አይተው አያውቁም፣ ማዕበሉን ሲናገሩ ግን ያቅለሸልሽሻል። ስብሰባ ላይ ተቀምጦ የሚያንጎላጅ ሁሉ እዚያ ሲሆን ዓይኑ ይበራል፣ የሺጥላ ክፍል ውስጥ ድምፁ የማይሰማ ሰው፣ እዚያ ቆሞ ጎራው ብሎ ይፎክራል።

ግቢ አላት አንድ ድምፅ።

ጓድ ገብረአብ ይባላሉ፣ ጉዳዩን የያዙት እሳቸው ናቸው፣ ቀጭን፣ ሹራብ የለበሱ፣ ጉንፋን የያዛቸው ሰው፣ አስፈሪ መልክ ጠብቃ ነበር፣ አፍንጫቸውን በመሐረብ ይጠርጋሉ፣ ይህ የባሰ አስፈራት። ሣጥኑን ጠረጴዛቸው ላይ ፈታችው። ጓድ፣ የሺጥላ ኪስ የተገኘውን ወረቀት የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ መሣሪያ የለም፣ ጨዋታ ነው። ድምፅዋ የራሷ አይመስላትም። ጠጠሮቹን በእርሳስ ጫፍ ገፋ ገፋ አደረጓቸው፣ በእጃቸው አልነኳቸውም።

ጉልበቱ ዐሥራ አራት ይላል፣ ዐሥራ አራቱ እነማን ናቸው?

ሰዎች አይደሉም ጓድ፣ የእሱ ጥንካሬ ነው፣ በሦስት ጠጠር ተጥሎ የወጣ ቁጥር ነው።

በማን ላይ ነው የሸፈተው?

ይህን ማንም ጠይቆ አያውቅም፣ በአምስት ወር ውስጥ አንድም ቀን፣ የሺጥላ ለምን ሸፈትክ ቢሉት ምን ይል ነበር፣ አፏ ግን ቀደማት፣ በባላባት ላይ፣ ጭሰኛ ነበር፣ መሬቱን ነጥቀውት ነው። ጻፉት። ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አለች። የጻፍኩት እኔ ለመሆኔ ማስረጃ ከፈለጉ የቢሮዬን ደብዳቤ ያስመጡ፣ የጽሕፈት መኪናዬ ሽ ፊደል አንድ እግሯ ተሰብሯል፣ ሽፍትነት የሚለውን ያስተያዩት። ከመዝገቡ ወረቀቷን አወጡ፣ ወደ መስኮቱ ይዘው ቀረቡ፣ ብዙ ጊዜ ቆሙ።

እሱም መጀመሪያ ጨዋታ ነው ብሎ ነበር አሉ ጀርባቸውን እንደሰጧት። አራት ቀን ሙሉ ጨዋታ ነው አለ። ከማን ጋር ስንለው ብቻዬን ነው አለ። ብቻውን የሚጫወት ትልቅ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? በአምስተኛው ቀን መሣሪያው አለ፣ አሳያችኋለሁ አለ።

ብቻዬን።

ሦስት ስም ነበር የሚበቃው፣ ሦስት ስም ቢጠራ አራት ሰው አንድ ዓይነት ነገር ይናገር ነበር፣ ያምኑት ነበር፣ ወይም ሁሉንም ይለቅሙ ነበር፣ ያንን ፈርቶ ነው፣ ብቻዬን አለ፣ እሷ ራቷን ስትበላ እሱ ብቻዬን እያለ፣ እግሩን ስንቴ፣ አታስቢው፣ አሁን አታስቢው። የት ነው ያለው ጓድ? ትናንት ጧት በመኪና ወደ አንኮበር ወሰዱት፣ ዋሻውን ሊያሳይ፣ ዛሬ ይመለሳሉ አሏት። ለዚህ ነው ስንቁ የተመለሰ። በሕይወት አለ። ግን ምን ያሳያቸዋል፣ የሌለ ዋሻ፣ እሷ ወንበር ላይ ተቀምጣ የፈጠረችው፣ ከአንኮበር በታች በእግሯ ወርዳ አታውቅም፣ እሱ የእሷን ቃል ተከትሎ ገደል ለገደል እየወረደ ነው፣ እጁን ታስሮ፣ ሁለት ትልልቅ ድንጋዮች፣ መሐላቸው የበቀለ ሾላ፣ በግራ በኩል የሚንጠባጠብ ውኃ፣ እንዲያ ነበር የተረከችው።

ከአንቺ ሌላ ማን ነበር?

ሁለታችን ብቻ።

ለሁለት ይሆናል?

ለሁለትም ይሆናል ጓድ። ጣታቸው እርሳሱን ያንከባልላል። ውጪ ጠብቂ አሏት።

ስድስት ሰዓት ሆነ፣ ስምንት ሆነ፣ አልራባትም፣ በመስኮቱ ግቢው ይታያል፣ አንድ ወታደር ካልሲውን አጥቦ አጥሩ ላይ ያሰጣል፣ ይህ ሁሉ እያለ ካልሲ ይታጠባል፣ መኪናው ሳይመለስ ቢቀርስ፣ ዋሻ የለም ብለው እዚያው ቢሆንስ፣ ገደሉ ቅርብ ነው፣ ሲያመልጥ ነው ይሉና፣ አንድ መስመር፣ እሷ ናት እንዲህ ዓይነቱን መስመር ቢሮ ውስጥ የምትጽፈው፣ ሲያመልጥ ተገደለ። ዐሥር ሰዓት ሲሆን ሞተር ተሰማ። አረንጓዴ መኪና። ሁለት ሰው ወረደ። ሦስተኛውን አወረዱት።

ይራመዳል። በባዶ እግሩ ነው፣ በእግሩ ጎንና ጎን ነው የሚረግጠው፣ ግን ይራመዳል።

ሁለቱንም አንድ ላይ አስገቧቸው። የሺጥላ ተመለከታት፣ ፊቱ ላይ ምንም አልመጣም፣ እንደማያውቃት ሆነ፣ ያን ያህል ጠንቅቆ። ጓድ ገብረአብ፣ እህስ አሉት፣ አላገኛችሁትም አሉኝ። ጭጋግ ነበር አለ የሺጥላ፣ በዚያ በማይሰማው የክፍል ድምፁ፣ ጭጋጉ አሳሳተኝ፣ ነገ ብትወስዱኝ አገኘዋለሁ፣ ሁለት ድንጋይ፣ መሐላቸው ሾላ፣ ምንሽሩ በጨርቅ ተጠቅልሏል፣ አገኘዋለሁ። የሺጥላ፣ ተናግሬያለሁ አለችው፣ ሁሉንም ተናግሬያለሁ፣ ጨዋታ ነው በል። ይህችን ሴት አላውቃትም አለ። ነገ አገኘዋለሁ።

ከዚያ ነው የገባት፣ ቃሉን መቀየር ፈርቷል፣ ቃል በቀየረ ቁጥር ምን እንደደረሰበት እግሩ ይናገራል፣ ሊወጣ አይችልም፣ ብቻውን ሊወጣ አይችልም፣ ማን ይግደለው አባ መብረቅን፣ ተጫዋች በጨዋታው የሆነውን ሰው ራሱ አይገድልም፣ ሕጉ ነው፣ የሚገድል ተራኪው ብቻ ነው። እጇን ሣጥኑ ውስጥ ከተተች፣ ሃያ ፊት ያለውን ጠጠር አነሣች፣ ማንም ሳይከለክላት ጠረጴዛው ላይ ጣለችው፣ ቁጥሩን አላየችም።

አባ መብረቅ ወንዙ ላይ ደረሰ አለች፣ በእሁድ ድምፅዋ። ወንዙ ሞልቷል። ምንሽሩን ከራሱ በላይ ይዞ ገባ። መሐሉ ላይ ውኃው እግሩን አነሣው። አሁን ከታች ያሉ ሰዎች ባርኔጣውን አግኝተዋል። አባ መብረቅ ሞቷል የሺጥላ። መሣሪያውም አብሮት ሄዷል። ሌላ የለም፣ አለቀ።

የሺጥላ ጠጠሩን ያያል። ያለ ድምፅ አለቀሰ፣ ወታደሩ ወደ ግድግዳው ዞረ። ምንሽር የለም አለ የሺጥላ። ኖሮም አያውቅም። እሷ ናት የጻፈችልኝ።

ጓድ ገብረአብ መሐረባቸውን አወጡ። ተናፈጡ። እሱ ነገ በዋስ ይወጣል አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ። አንቺ ጉዳዩ እስኪጣራ እዚህ ትቆያለሽ፣ የመንግሥት ንብረት ነው የተጠቀምሽ፣ መጽሐፉም የጠላት አገር ነው። ሁሉንም ከመጀመሪያው ጽፈሽ ትፈርሚያለሽ። ትፈርማለች። ስንት ወር ይሆን፣ ሁለት፣ ስድስት፣ ሥራዋን ታጣለች፣ ይህን ማታ ታስበዋለች፣ አሁን አይደለም።

ሊያወጡት በአጠገቧ ሲያሳልፉት ጎንበስ አለ፣ እግሩን የሚያስተካክል መሰለ። ዋሻው አለ ዘርፌ አላት። እንዳልሽው ነው፣ ሾላውም፣ ውኃውም። አልፌው ሄድኩ።

በሩ ተዘጋ።

አእምሮው ነው፣ ድብደባው ነው፣ የለም፣ እንደ አስተማሪ ነበር የተናገረው፣ ረጋ ብሎ፣ ከየት አመጣችው ታዲያ፣ እንዴት የሌለ ነገር፣ ከዚያ አብዱልሀሚድ ትዝ አላት፣ ክር በጥርሱ እየበጠሰ፣ የአልዩ አምባ ልጅነቱን ለሁሉም ሲያወራ፣ በግ ስንጠብቅ ዝናብ ሲመጣ የምንገባበት አንድ ቦታ ነበረን፣ ሁለት ድንጋይ፣ መሐላቸው ሾላ፣ አባቴም በልጅነቱ እዚያ ይገባ ነበር። ከእሱ አፍ ነው የወሰደችው። ረስታ የራሷ መስሏት። የሺጥላም ዋሻው አፍ ላይ ሲደርስ ተገለጠለት፣ የማን ዋሻ እንደሆነ፣ ባዶም ቢሆን ዋሻውን ካገኙት ማን ነገረህ እንደሚሉት፣ ወደሚቀጥለው ሰው እንደሚሄዱ፣ ስለዚህ አልፎት ሄደ፣ በዚያ እግሩ።

ወረቀትና እስክሪብቶ አቀረቡላት። መምህሩን፣ ሣጥኑን፣ ጠጠሩን፣ ምንሽሩን፣ ሁሉን እንደሆነው ትጽፋለች፣ እጇ ሞቋል፣ ሁለት ገጽ ሞላ፣ ቦታው የሚለው ላይ ደረሰች። ቆመች። አብዱልሀሚድ አሁን ልብስ መስፊያ መኪናው ላይ ጎንበስ ብሎ የሰው ሱሪ ያሳጥራል፣ ምንም አያውቅም።

ዋሻው እኔ በሐሳቤ የፈጠርኩት ነው፣ በምድር ላይ የለም፣ ብላ ጻፈች፣ ደግማ አነበበችው፣ ፈረመችበት።