ካብ ላይ የዋሉ ሁለት ጀሪካኖች

አለምነህ የሚኒባሱን የጋቢና ወንበር ገልብጦ ሞተሩ ላይ ሲያጎነብስ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር። ነገ ሚካኤል ነው፤ በሚካኤል ቀን ብረት የሚነካ ሰው በዚያ የደባርቅ ሠፈር የለም። ከነገ ወዲያ ደግሞ ገና ጎህ ሲቀድ አማቱን ለዓይን ቀጠሮ ጎንደር ያደርሳል። እንግዲህ ዘይቱ ከተቀየረ ዛሬ ነው፤ ዛሬ ካልሆነ የለም።

አማቱ ያልናቸው መሪጌታ ወልደ ገብርኤል ናቸው። የሚስቱ የየሺወርቅ አባት ከመሆናቸው በፊት የኔታው ነበሩ። እግራቸው ሥር ተቀምጦ ቅኔ ሲቆጥር፣ ጉባኤ ቃናውን አልፎ ሥላሴ የሚባለውን የቅኔ ዓይነት ጀምሮ ነበር። እዚያ ላይ አንድ የጭነት መኪና መጣና ረዳት ሆኖ ሄደ። የኔታ አልረገሙትም፤ ኋላም ልጃቸውን ሲጠይቅ አልከለከሉትም። ሚኒባሱን በገዛ ጊዜ ግን አንድ ነገር ተናገሩ፦

«ጀምሮ የማይጨርስ ሰው በሚነዳው አልሄድም።»

በቃ፣ ይኸው ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ቃላቸውን አላጠፉም። ዳባት ተዝካር ሲኖር በሰው መኪና ይሄዳሉ፣ አለምነህ ባዶ መኪናውን ይዞ ከኋላ ከኋላ ይከተላቸዋል። አገር ሳቀበት። ቀስ በቀስ ሞራ ዓይናቸውን ጋረደው፤ ሐኪሙም ቶሎ ካልተሠራ ዋስ አልሆንም አለ። እሳቸው ግን በደርዘን መኪና ቢለመኑ እንቢ አሉ፤ ያረጀ ዓይን ምን ያደርግልኛል ብለው። ጨንቋት የሺወርቅ ተሳለች፦ አባቴ እሺ ካለልኝ አምስት ሊትር ዘይት ለሚካኤል መብራት አገባለሁ አለች። ባለፈው ሳምንት የኔታ ከመሬት ተነሥተው «እሺ፣ በአለምነህ መኪና እሄዳለሁ» አሉ። ለምን እንደሆነ ማንም አልጠየቃቸውም፤ ሐሳባቸውን እንዳይቀይሩ ተፈርቶ።

አሁን ወደ ዘይቱ። የሞተር ዘይት በወጉ የሚቀየረው መኪናው ጉድጓድ ላይ ቆሞ፣ ከሥሩ የማፍሰሻው ብሎን ተፈትቶ ነው። ጉድጓዱ ሰጠኝ የሚባል መካኒክ ንብረት ነው። የብሎኑን ጥርስ ባለፈው ጊዜ ያላሸው ራሱ ሰጠኝ ሆኖ ሳለ፣ ድሮም የላሸ ነበር ብሎ ድርቅ አለ። ተጣሉ። አለምነህም እልኽ ይዞት ከጎንደር የእጅ መምጠጫ ፓምፕ ገዛ፤ ብሎን ሳይነኩ፣ መሬት ሳይተኙ፣ ቀጭኑን ቱቦ በዘይት መለኪያው ዘንግ ቀዳዳ አስገብቶ ዘይቱን ወደ ላይ መሳብ ነው። ሰጠኝ ይህን ሲሰማ፣ የአለምነህ መኪና እንግዲህ እንደ ሙሽራ በቀሰም ልትጠጣ ነው እያለ በየሻይ ቤቱ አወራ።

ሞተሩን አሙቆ አጠፋውና ፓምፑን ይስብ ጀመር። ጥቁሩ ዘይት በቱቦው እየተንደቀደቀ ባልዲው ውስጥ ወረደ። ደስ አለው፣ ያፏጭም ጀመር። አዲሱ ዘይት ከሱቅ በርሜል የተቀዳ ነው፤ የተቀዳውም ባዶ የወጥ ዘይት ጀሪካን ውስጥ። ብርድ ይዞት እንዳይወፍር ብሎ ጧት የግቢው ካብ ላይ፣ ፀሐይ በሚያርፍበት በኩል አስቀምጦታል። ታዲያ በደባርቅ ዘይት ፀሐይ ላይ የሚያወጣ እሱ ብቻ አይደለም። የሚረጋውን የወጥ ዘይት የገዛ ሰው ሁሉ ጧት ጧት ካብ ላይ አስቀምጦ ያቀልጠዋል። የሺወርቅም የስለቷን ጀሪካን እዚያው ካብ ላይ አውላው ነበር። ሁለቱም ቢጫ፣ ሁለቱም አምስት ሊትር።

የኔታ ወደ ዋዜማ ሲወጡ ስለቱን ልጃቸው እንድትወስድ አልፈለጉም። የተሳለችው ስለ እኔ ዓይን ነው፣ እኔው አደርሰዋለሁ አሉ። ካቡን በእጃቸው ዳብሰው ያገኙትን ጀሪካን አንጠልጥለው ሄዱ። አለምነህ ያን ጊዜ ጭንቅላቱን ሞተር ውስጥ ቀብሮ ነበር። ቀና ሲል ካቡ ላይ አንድ ጀሪካን አየ። የስለቱ ሄዷል፣ የቀረው የኔ ነው አለ፤ ማንስ ቢሆን ሌላ ምን ይላል? ቂጡ በተቆረጠ የሃይላንድ ጠርሙስ እያሳለፈ አራት ሊትሩን ቀስ አድርጎ ሞተሩ ውስጥ ጨመረ። እጁም አፍንጫውም የተቃጠለ ዘይት ሸቶ ስለነበር ምንም አልጠረጠረም።

እጁን በአመድ አሽቶ ታጥቦ ሲመለስ፣ ጥላ ውስጥ የተወው ሃይላንድ ጠርዙ ነጭ ሆኗል። በጣቱ ነካው። እንደ ቅቤ ረግቷል። የሞተር ዘይት ቧሂት ተራራ አናት ላይ ቢያድርም አይረጋም። አለምነህ ክው አለ።

ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነበር፤ ሞተሩን አለማስነሣቱ አንድ ነገር ነው። መንገዱም ሁለት ነበር። ዝም ብሎ ዘይቱን መጥጦ መድፋት፣ ከሱቅ ሌላ ማስቀዳት፣ ለማንም አለመናገር። ያኔ ሌሊት ማኅሌት ላይ ቀንዲሉ የሞተር ዘይት እያጨሰ፣ የኔታ በካህናቱ ሁሉ ፊት ያፍራሉ። ወይም ሄዶ መናገር። ያኔ ደግሞ የኔታ፣ ድሮም ብያለሁ፣ በእሱ መኪና አልሄድም ይላሉ፤ ዓይናቸውም በዚያው ይቀራል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለካ እንዲህ ያለውን ነው። አለምነህ ፈራ፣ በጣም ፈራ። እግሩ ግን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄደ።

ዋዜማው አልቆ የኔታ ጥድ ሥር ተቀምጠዋል። ቄሰ ገበዙ አባ ሀብተ ሚካኤል ጀሪካኑን ይዘው ወደ ቀንዲሉ ሊገቡ ሲሉ አለምነህ ደረሰ። ጉልበት ስሞ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ተናገረ፤ ካቡን፣ ፀሐዩን፣ ሞተሩን። ቄሰ ገበዙ ጀሪካኑን ወደ ደረታቸው አስጠጉና፣ ከቅጥር የገባ መብዓ ተመልሶ አይወጣም፣ ሥርዓት ነው አሉ። የኔታ ክዳኑን አስከፈቱ። ጣታቸውን ነክረው በአውራ ጣታቸው አሹት፣ አሸተቱት።

«ሀብተ ሚካኤል፣ ሚካኤል መኪና የለውም። መልስለት።» ከዚያ ፊታቸውን ወደ አለምነህ ድምፅ አዞሩ። «እኔስ ዓይኔን ሞራ ነው የያዘኝ። አንተን ምን ጋረደህ?»

«ችኮላ፣ የኔታ።»

የኔታ መቋሚያቸውን ይዘው ተነሡና ወደ መኪናው ውሰደኝ አሉት። ጀሪካኑን በአንድ እጁ፣ የኔታን በሌላው ይዞ ቁልቁል ወረደ። የሺወርቅ ጉዱን ስትሰማ ነጠላዋን ጠቅልላ ለስለቱ ሌላ ዘይት ልትገዛ ሱቅ ሮጠች።

ፀሐይዋ አዘቅዝቃ ሞተሩ በርዶ ኖሮ ፓምፑ እምቢ አለ። አለምነህ ሳበ፣ ሳበ፤ ቱቦው ውስጥ ነጭ ነገር ተሰንቅሮ ቀረ። ሞተሩን አስነሥቶ እንዳያሞቀው፣ የወጥ ዘይት ውስጡ ይዞራል። ነገ ደግሞ ሚካኤል ነው። ካቡ ላይ የተቀመጡት የኔታ፣ በዚህ አገር ቅቤ ሲረጋ ምን ታደርጋላችሁ ብለው ጠየቁ። ፍም ያለበት የከሰል ምድጃ ከሞተሩ ሥር ተገፋ። ጥቂት ቆይቶ ዘይቱ ለቀቀ፣ እየተጎተተ ሌላ ባልዲ ውስጥ ይወርድ ጀመር።

ሦስት ሊትር ተኩል ሲወጣ አለምነህ ወገቡን ያዘ። ደክሞታል፤ ፊቱ ጥላሸት ጠጥቷል። የቀረችው ከአዲሱ ጋር ብትቀላቀል ምን ትሆናለች፣ ስንቱ በከፋ ዘይት ይነዳ የለ ብሎ ፓምፑን ሊነቅል እጁን ሰደደ።

«ስንት አስገባህ?» አሉ የኔታ።

«አራት።»

«ስንት ወጣ?»

ሦስት ተኩል ነው፣ የቀረው ትንሽ ነው፣ አይጎዳውም አላቸው። የኔታ አልመለሱለትም። አልተቆጡም፣ ከካቡም አልተነሡም። መቋሚያቸው ላይ አገጫቸውን አስደግፈው ዝም ብለው ተቀመጡ። አለምነህ ያንን ዝምታ ያውቀዋል፤ በልጅነቱ ቅኔው ቤት ሳይመታ ሲቀር የሚመጣ ዝምታ ነው። ፍሙን አራገበ። ፓምፑን እንደገና ያዘ። ተኝቶ፣ ተነሥቶ፣ ቱቦውን እያዞረ፣ ባልዲው አራት ሊትር እስኪሞላና ፓምፑ አየር ብቻ ስቦ ጉርጉር እስኪል ሳበ።

የኔታ እጃቸውን ዘረጉ። የቱቦውን ጫፍ ሰጣቸው፤ በጣታቸው ዳሰሱት፣ ደረቅ ነበር።

«ጨረስክ» አሉ።

አለምነህ ይህን ቃል ከእሳቸው አፍ ሰምቶ አያውቅም። ፊቱን ወደ ሞተሩ መለሰ፤ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበርና እንዳይታይበት፣ የማያዩ ሰው ፊት መሆኑን ረስቶ። ከዚያ የራሱን ዘይት ከራሱ ጀሪካን ጨመረ፣ ሞተሩ በአንድ ቁልፍ ተነሣ። የኔታም የሺወርቅ ያመጣችውን ዘይት አስይዘው ወደ ማኅሌታቸው ሄዱ።

በሚካኤል ማግስት ጎህ ሲቀድ የኔታ ጋቢና ገቡ። በሩ እንዴት እንደሚከፈት አያውቁም ነበርና አለምነህ ከፈተላቸው። ወንበሩን ዳበሱት፣ መስኮቱን ዳበሱት፣ ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። የሺወርቅ ከኋላ ስንቅ ታቅፋ ተቀመጠች። ደባርቅን ለቀው ወቅን ከተማ ደረሱ።

«ያንን የሥላሴ ቅኔህን» አሉ የኔታ፣ «የት ላይ ነበር የተውከው?»

አለምነህ ማርሽ ቀየረ። ሃያ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም፤ የት ላይ እንደተወው ግን ያውቅ ነበር።