አልጋ ሥር ያሉት ጆንያዎች

ከሰል አክሳዩ ጉዮ አፈር አልብሶ የሚያከስለውን የእንጨት ክምር አንድ ቀን ቀድሞ ገለጠው። ደን ጠባቂዎች በወደራ መንገድ ታዩ ስለተባለ ነው። ከሰል ግን አፈሩ ውስጥ ታፍኖ ካልበረደ እሳቱ ከልቡ አይወጣም። ይህን አምስተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩት እኔ እንኳ አውቃለሁ።

ያመጣልንን ሦስት ጆንያ ከሰል ከአህያ ስናወርድ አንዱ ጎኔን አሞቀው።

«እማዬ፣ ይሄ ትኩስ ነው።»

«ጠዋት ሙሉ ፀሐይ ሲመታው የመጣ ምን ሊሆን ኖሯል? አንቺ ደግሞ የማታውቂው የለ!»

እናቴ ሸዋርካብሽ ነገሌ ውስጥ ከሰል ትቸረችራለች። ከተከለከለ ወዲህ ተደብቃ ነው። ጣሪያችን ላይ ሶላር አለን፤ አምፖልና ስልክ ይችላል፣ ሽሮ ግን አያንተከትክም። ከልካዮቹም ቢሆኑ ሚስቶቻቸውን በጓሮ በር ወደ እኛ ይልካሉ።

ጆንያዎቹን መስኮት የሌለው ጓዳ ውስጥ፣ አልጋ ሥር ከተትናቸው። ከምሳ በኋላ ትንሿ እህቴ ረሆቦት «ራሴን አመመኝ» ብላ እዚያው አልጋ ላይ ተኛች። እማዬ ሽታው እንዳይወጣ በሩን ዘግታ ሥሩን በጨርቅ ወተፈችው።

ብዙም ሳይቆይ የደን ጥበቃው አቶ አምሀ ሁለት ሰው አስከትሎ መጣ።

«አካም፣ እትዬ ሸዋርካብሽ! ናጋ?»

«ናጋ፣ ይግቡ እንጂ! ሻይ ላፍላ?»

«በምን ሊያፈሉት ነው?» ብሎ ሳቀ።

«በሶላሩ» አልኩ። እማዬ ቆነጠጠችኝ።

ረሆቦት አፍንጫዋ ዝግ ስለሆነ ስትተኛ እንደ ወፍጮ ነው የምታንኮራፋው፤ ጎረቤት ሁሉ ያውቃታል። ጆሮዬን ወደ ጓዳው ጣልኩ። ምንም የለም።

«እማዬ፣ ረሆቦት አታንኮራፋም።»

«ተያት፣ ትተኛበት!» አለችና በሩን ተደገፈችው።

አቶ አምሀ ሳቁን አቆመ። «ጓዳው ውስጥ ምን አለ?»

«ያመማት ልጅ ናት፣ ምን ይኖራል?»

እማዬን አየኋት። ጆንያዎቹ ከተያዙ የምንበላው የለም። አንዴ ብታንኮራፋ ብዬ ጠበቅኩ። አላንኮራፋችም።

ጨርቁን በእግሬ ነቀልኩት።

«ቤቴል!» ብላ ጮኸችብኝ እማዬ።

እናቴን ገፍቼ በሩን ከፈትኩት። ጓዳው እንደ ምድጃ ይሞቃል። ረሆቦት ብጠራት አልሰማችም፣ ባነቃንቃትም እጇ ወደቀ። አቶ አምሀ ተሸክሞ ወደ ግቢው አወጣትና መሬት ላይ አጋደማት።

በስተኋላችን፣ በከፈትኩት በር ነፋስ ገብቶ፣ አልጋው ሥር አንድ ነገር ቦግ አለ። ማንም አልዞረም። እማዬ ተንበርክካ ጆሮዋን ወደ ረሆቦት አፍ አስጠግታለች፤ ሁላችንም ያችን ማንኮራፋት እንጠብቃለን።