ያበጠው ቀለህ

«ሌላ ምንም አይደለም፤ ሽጉጡ ነው የገደለው» አለ አባቦራ፣ የሟቹ አጎት። «ያ ዘርሁን የዛገ ብረት ሸጦለት ልጃችንን በላው።»

ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጡት ወንዶች ራሳቸውን ነቀነቁ። ቲጃኒ ግን ስኒውን እንደያዘ መሬት መሬቱን አየ። ልጁ ፋሂም ከተቀበረ ሁለተኛ ቀኑ ነው፤ እሱ እስካሁን አንድ ቃል አልወጣውም። የሰቶ ሰመሮ ሰፈር ሙሉ «ሐዘን አንደበቱን ዘጋው» ይላል። ሐዘን ብቻ በሆነለት!

ፋሂም ሊሙ ገነት የቡና መጋዘን ጠባቂ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመቱ። ፈቃድ ያለውን ሽጉጥ ከጎረቤታቸው ከዘርሁን የገዛው አምና ነው። ባለፈው ሰኞ የቡና ማድረቂያው ላይ የሰፈሩትን ጦጣዎች ለማባረር ወደ ሰማይ ተኮሰ። ጥይቱ እጁ ላይ ፈነዳ፤ ስባሪው አንገቱን መታው። ጤና ጣቢያ ሳይደርስ ሞተ።

አስከሬኑን ያመጡት ሰዎች የፈነዳውን ቀለህም ይዘው ነበር። እነሱ የተቀደደ ናስ ነው ያዩት። ቲጃኒ የገዛ መዶሻውን ምልክት አየ።

ቁልፍ ሠሪ ነው። ጥይት ከገበያ ሲጠፋ ልጁ የተኮሰባቸውን ባዶ ቀለሆች ያመጣለታል፤ እሱ ጓሮ ካለችው ጠባብ ክፍሉ ቁጭ ብሎ እንደገና ይሞላቸዋል። የተተኮሰ ቀለህ ያብጣል። በሞርሳ ተነክሶ በተያዘ የብረት ቀለበት ውስጥ በመዶሻ እየመታ ሲያሳልፈው ልኩን ይይዛል። ግን ከታች፣ ከመቀመጫው አጠገብ ያበጠውን ወደ ልኩ እንደማይመልስ ይምላል። «ያበጠ ብረት ከውስጥ ሳስቷል» ይል ነበር ለልጁ። «ከውጭ ብታስተካክለው ከውስጥ አታወፍረውም። እሱን መጣል ነው።»

ከዚያ ሰኞ በፊት በነበረው ጁምዓ ፋሂም ስምንት ቀለህ ይዞ መጣ። አንዱ ከታች አብጦ ነበር። ቲጃኒ አይቶታል። በጥፍሩም ዳስሶታል። ሊጥለው እጁን ዘረጋና ልጁን አየው፤ ለአንድ ቀን ብቻ መጥቶ፣ በሩ ላይ ቆሞ የአባቱን ሥራ በኩራት ይመለከታል። ስምንት ያመጣ ልጅ ሰባት ይዞ እንዲመለስ አልፈለገም። እንደ ልማዱ አንዴ ሳይሆን ሦስቴ በቀለበቱ አሳለፈው፤ ከዚያ በአመድ ወልውሎ ከሌሎቹ ጋር ቀላቀለው። እሱ ራሱ እንኳ መለየት እስኪያቅተው አሳመረው።

አሁን ለማን ይናገር? ለባለቤቱ ለረሺዳ? ሌላ ልጅ የላትም። «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ዋጠው። ሆዱ ግን አልፈጀውም። በዚያው ቀን የዘርሁን መስኮት በድንጋይ ተሰበረ።

በሦስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ዘርሁን ባለቤቱን ጥሩአየሁን አስከትሎ መጣ። ጥሩአየሁ ወደ ሴቶቹ ዘለቀች። እሱ ድንኳኑ በር ላይ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ፤ ጠጋ ብሎ ቦታ የለቀቀለት ሰው አልነበረም።

«ጌታ ያጽናናችሁ» አለ።

«ዴሚ!» አለ አባቦራ በኦሮምኛ፣ ሂድ ሲለው። «ገድለህ ደግሞ ለቅሶ?»

«ኦቦ አባቦራ፣ ሽጉጡን እኔ ሁለት ዓመት ይዤዋለሁ፣ አንድ ቀን እንኳ አላስቸገረኝም» ብሎ ወደ ቲጃኒ ዞረ። «ጋሽ ቲጃኒ፣ እህል አልቀመስኩም። ጥፋቱ የኔ ከሆነ እርስዎ ይንገሩኝ። እርስዎ ብረት ያውቃሉ።»

ቲጃኒ ቀና ብሎ አየው።

«ሽጉጡ ደህና ነው» አለ። ሦስት ቀን ያልተሰማ ድምፅ ስለነበር ሁሉም ዞረ። «ዘርሁን ምንም አላደረገም። ጥይቱን የሞላሁት እኔ ነኝ። ቀለሁ አብጦ ነበር። አየሁት። መጣል ነበረብኝ፤ አልጣልኩትም። ልጄን የገደልኩት እኔ ነኝ።»

«አስተግፊሩላህ!» አለ አንድ ሽማግሌ።

ከሴቶቹ በኩል ጩኸት ተሰማ፤ ቀጥሎ ረሺዳ መጣች። በለቅሶ ሴት ወደ ወንዶቹ ድንኳን አትገባም፤ እሷ ግን ማንንም ሳታይ በመካከላቸው አለፈች። አባቦራ «ተይ እህቴ፣ ተይ እባክሽ» እያለ ሊይዛት ሞከረ። እጁን አራግፋ ባሏ ፊት መሬት ላይ ተቀመጠች። ሁሉም እርግማኗን ጠበቀ። ቲጃኒም ጠበቀ፤ እንዲያውም ተመኘው።

«ጥይቱን ስትሰጠው ምን አለህ?» አለችው በዝግታ።



«‹አባዬ፣ አላህ እጅህን ይባርከው› አለኝ።»

ረሺዳ ጉልበቱ ላይ ያሉትን እጆቹን ብዙ አየቻቸው። ጣቶቹ በናስና በባሩድ ጠቁረዋል። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉም እነሱኑ ነበር የሚያየው። ከትከሻዋ የሻርፗን ጫፍ ሳበችና ሸፈነቻቸው።