የስንጥቁ ዘበኛ

የምነግራችሁ ሁሉ እውነት ነው። ጠብታ ውሸት ከተገኘበት ይህ የያዝኩት እስክሪብቶ እጄ ላይ ይድረቅ፤ ጥርሴም አንድ በአንድ ይርገፍ፤ የቀሩትን ማለቴ ነው። ማስረጃ የሚል ካለ ቤቴ ይምጣ። ከቴሌቪዥኑ በላይ በሚስማር የተሰቀለች ሹካ አለች፤ አንገቷ ተጣሟል፤ ከጥርሶቿም አንዷ የለችም። በዓለም ላይ ሕንፃ ያዳነች ሹካ እሷ ብቻ ናት። ምስክር የሚልም ካለ፣ ባለቤቴ ይኸው አጠገቤ ተቀምጣ የልጅ ልጃችንን ሱሪ ጉልበቱን ትጠግናለች፤ እሷን ይጠይቅ። ዝም ያለችው ስለምታምነኝ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በአንድ ስንጥቅ ነው።

የምንኖረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ልክ ከእግራችን ሥር፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ልጃችን ያኔ ገና ዳዴ ከሚል ልጇ ጋር ብቻዋን ትኖራለች። ቤቷ አንድ ክፍል ነው፤ ግድግዳው ከእኔ በላይ ያልበዋል። ሐኪሙ ለልጁ ደረት የጠዋት ፀሐይ አዝዞለታል፤ በዚያ ቤት ፀሐይ የሚገኘው ደግሞ በረንዳው ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ልጄ በየጠዋቱ ብርድ ልብስ አንጥፋ ልጇን እዚያ ታስቀምጠዋለች። ከራሱ በላይ ያለው ጣሪያ የእኔ በረንዳ ወለል ነው። ስንጥቁም ያለው እዚያ ላይ ነው።

ሲጀምር የፀጉር ያህል ነበር። በረንዳው ከግድግዳው ጋር በሚገናኝበት በኩል ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደ። ከዚያ ሰፋ። መጀመሪያ ጉንዳን ገባበት፤ ቀጥሎ እንሽላሊት ቤተሰቧን ይዛ ገባች፣ ያለ ውል። በመጨረሻማ ክንዴን እስከ ክርኔ ብሰድበት ከታች የልጄ ሻይ እንፋሎት መዳፌን አሞቀው። እንዴት ይሆናል አትበሉኝ፤ ምያለሁ እኮ።

አንድ ጠዋት ልጄ ብርድ ልብሱን ይዛ መጣችና ዘርግታ አሳየችኝ። ጥፍር ጥፍር የሚያካክሉ የሲሚንቶ ፍርፋሪዎች አሉበት።

«አባዬ፣ ይኼ ከእናንተ ነው የወረደው። ዛሬ ጎኑ ላይ ነው የወደቀው። ነገስ?»

ነገ! አከራያችንን የሕንፃው ሰው በሙሉ «አቶ ነገ» ነው የሚለው። ቧንቧ ቢያፈስ፣ ነገ። መብራት ቢቃጠል፣ ነገ። እየተወዛወዘ እጄ ላይ ሊቀር የሚደርሰውን የደረጃ መደገፊያ ይዤ ወደ ምድር ቤት ወረድኩና ፊት ለፊት ገጠምኩት። እኔ ሰው አልፈራም።

«በረንዳው ተሰንጥቋል!»

«ጋሼ፣ ቤትም ሲያረጅ ይሸበሸባል» አለ፣ «እንደ እኔና እንደ እርስዎ።»

«የእኔ መሸብሸብ ሰው ራስ ላይ አይወድቅም!»

ደረጃው ላይ የነበረ ሁሉ ሳቀ። ሳቁ አምስተኛ ፎቅ ድረስ ወጥቶ ተመልሶ ወረደ።

በዚያው ሰሞን የግቢው በር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። የሕንፃ ደህንነት ተቆጣጣሪ ሐሙስ መጥታ የመንገዱን በረንዳ ሁሉ ታያለች፤ አደገኛ ያለችው ይታገዳል፤ የሕንፃው ባለቤትም አፍርሶ እንደገና ያሠራል ይላል። አቶ ነገ ይህን አንብቦ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ «ዛሬ» አለ። ረቡዕ ለሳኝ ሊያመጣ መሆኑን ሰማን።

ሊጠግን መስሏችሁ ነው? ሊደብቅ ነው እንጂ። ስንጥቁን በስስ ልስን ሸፍኖ፣ ቀለም አልብሶ፣ እንደ ሙሽራ አሰማምሮ ሊያቀርብላት ነው። ሴትየዋ በአንድ ቀን ያን ሁሉ ሕንፃ የምታዳርስ ሰው ናት፤ ያየችውን እንጂ የነገሯትን አትጽፍም። አንዴ «ደህና ነው» ካለችለት አቶ ነገን እስከ ምጽአት የሚያስገድደው የለም። የልጅ ልጄም በየጠዋቱ እዚያ ሥር ይቀመጣል።

«አባዬ፣ ተወው ይቅር» አለች ልጄ። ዓይኗ ደፍርሷል። «ብንናገር ያስወጣናል። ይህንን ልጅ ይዤ የት እገባለሁ?»

«ማን ነው የሚያስወጣን?» ብዬ ጠረጴዛውን ብመታው ከላይ ያሉት ጎረቤቶች የመሬት መንቀጥቀጥ መስሏቸው ልጆቻቸውን ይዘው ወጡ።

ባለቤቴ ግን እንደ ልማዷ ነገሩ አልገባትም። «ልስን ለመድረቅ ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ብላ ጠየቀችኝ። ሰው ጦርነት ላይ ሆኖ ስለ ልስን ይጠይቃል? ሴት ናት ብዬ አለፍኳት።

እንግዲህ ሌላው ዘበኛ ባንክ ይጠብቃል፤ እኔ ስንጥቅ ጠበቅሁ።

ረቡዕ ምሳዬን አርፍጄ እየበላሁ በሩ ተንኳኳ። ሹካዋ እጄ ላይ ናት። ብከፍት አቶ ነገ ባርኔጣውን ደፍቶ ፈገግ ብሏል፤ ከኋላው ለሳኙ ባልዲውን ይዞ ቆሟል። በሩን በትከሻዬ ሞላሁት። ትከሻዬን የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

«ጋሼ፣ ለአፍታ ብቻ ነው። ለእናንተው ጤና ብለን ነው።»

«ለጤና ከሆነ ባልዲውን አንተ ጠጣው!»

ለሳኙ ሳቁን ሊውጥ ሲል ሳል ያዘው።

«ቤቱ እኮ የእኔ ነው!» አለ አቶ ነገ።

«ቤቱ ያንተ ነው፤ ስንጥቁ ግን የእኔ ነው። ከፀጉር አንስቼ ለዚህ ያደረስኩት እኔ ነኝ!»

ወንበሬን ጎትቼ ወጣሁና ልክ ስንጥቁ ላይ ተክዬው ተቀመጥኩ። በረንዳው ከሥሬ አቃሰተ። የልጅ ልጄ ከታች እንዳለ ትዝ ሲለኝ ትንፋሼን ይዤ ራሴን አቀለልኩ፤ ከአባቴ የወረስኩት ጥበብ ነው፤ ስፈልግ የላባ ያህል እከብዳለሁ። እዚያው እንደተቀመጥኩ እጄን አነባብሬ «በሬሳዬ ላይ ካልሆነ አትለስኑም!» አልኳቸው።

አቶ ነገ ፊቱ ቲማቲም መሰለ። «ነገ ዕቃህን ይዘህ ትወጣለህ!»

«አንተ ነገ ካልክማ ገና ብዙ ዓመት አለን!»

ይኼኔ ነው ሹካዋን በሁለት ጣቴ የጠመዘዝኳት። አንገቷ እንደ ሸንበቆ ታጠፈ። አንዷ ጥርሷ ተስፈንጥራ የአቶ ነገን ባርኔጣ ይዛ ሄደች፤ ጥርሷም ባርኔጣውም እስከ ዛሬ አልተገኙም። ለሳኙ ሦስቱን ፎቅ በአንድ ዝላይ ወረደ፤ አቶ ነገ እየተከተለ «ቆይ ጠብቀኝ!» ይላል። በየበረንዳው የወጣው ሕዝብ አጨበጨበ። ከጭብጨባው ብዛት የመንገዱ በረንዳ ሁሉ አለመርገፉ ተአምር ነው። ልጄማ ከደስታዋ የተነሳ የዚያን ዕለት አመሻሹ ላይ በሲሚንቶ የተለወሰ አንሶላ ስታጥብ አገኘኋት። ሰው ደስ ሲለው ምን እንደሚያደርግ አያውቅም።

ሐሙስ ተቆጣጣሪዋ መጣች። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ጫማዋ አቧራ የለበሰ ሴት ናት። ከአንዲት ትንሽ መዶሻና ከእጅ ባትሪ በቀር የያዘችው መሣሪያ የለም። ከበሩ ሳትወጣ ጎንበስ ብላ ወለሉን ታንኳኳለች። ደህናው ቦታ «ደን፣ ደን» ይላል። ስንጥቁ አጠገብ ስትደርስ «ቦፍ» አለ፣ እንደ ባዶ ሣጥን። ተንበረከከች። ባትሪዋን አብርታ ውስጡን አየች።

«ፌሮው አልቋል» አለች። ወለሉ ውስጥ የተቀበረውን ብረት ማለቷ ነው፤ ዝገት በልቶት ሻይ ውስጥ የተነከረ ብስኩት መስሏል።

ከዚያ የስንጥቁን ከንፈር በጣቷ ዳሰሰች። «ይኼ ለምን እርጥብ ሆነ? ይኼ ጭረትስ?»

እውነትም ሦስት ሦስት እየሆነ የተጫረ ነገር አለ፤ ዶሮ የጫረችው ይመስላል።

«ቁጣዬ ነው» አልኳት። «በጥፍሬ ቧጥጬው ነው።»

ጥፍሬን አየች። ከዚያ ባለቤቴን አየች፤ ረዘም አድርጋ። ቀዩን ማገጃ ጥብጣብ አውጥታ የበረንዳዬ በር ላይ ወጠረች፤ ወርዳም የልጄ በር ላይ ወጠረች። የሁለታችንም በረንዳ ታገደ። ከሥር የእንጨት ድጋፍ እንዲቆም፣ የእኔው ፈርሶ በአዲስ ብረት እንዲሠራ አዘዘች።

አቶ ነገ እየተንተባተበ፣ «መቼ ልጀምር?» አላት።

«ዛሬ» አለችው።

እነሆ አዲሱ በረንዳ ቆሟል። የልጅ ልጄ ዳዴውን ትቶ ከሥሩ ይሮጣል፤ ሱሪውን በየሳምንቱ ጉልበቱ ላይ ይጨርሳል። ያስወጣን የለም። ይህን ሁሉ ያደረገው አንድ ሰው ነው፤ ስሙን መጥራት ትሕትናዬ አይፈቅድልኝም።

እዚህ ድረስ የጻፍኩትን አሁን ድምፄን ከፍ አድርጌ ለባለቤቴ አነበብኩላት። ሹካዋ ጋ ስደርስ ቆሜ አነበብኩት።

«እስቲ አንቺው ፍረጂ» አልኳት። «ውሸት አለበት?»

ክሩን በጥርሷ በጠሰች። ቀና ሳትል፣ ድምፅዋንም ሳታነሳ፣

«በሩን የከፈትክላቸው አንተ ነህ» አለች። «አቶ ነገ ‹ጋሼ፣ እርስዎ ያልፈቀዱት ነገር እዚህ ሕንፃ ላይ አይሠራም› ሲልህ ባልዲውን ከለሳኙ እጅ ተቀብለህ በረንዳው ድረስ አደረስክለት። ለስነው ሲጨርሱ ‹ሻይ ልጋብዝዎ› አለህ፤ አብረኸው ወረድክ። ለሳኙ ሲወጣ ‹ሳይደርቅ እንዳትነኩት› አለኝ። ሳይደርቅ ነካሁት። እጄ ላይ የገባው ሹካ ነበር። ፍርፋሪው ሲወድቅ እንዳይሰማ ልጃችን ከታች አንሶላ ወጥራ ትቀበለኝ ነበር። ጥርሷ የተሰበረችው ፌሮው ላይ ነው። ያጨበጨበ ሰው አልነበረም።»

ሱሪውን አጥፋ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው።

«ሹካዋን ግን ከሚስማሩ አውርድልኝ። ነገ የደረጃውን መደገፊያ ቀለም ሊቀቡት ነው አሉ።»