ያልቆመው መርከብ

ሚስስ ፕላት ግድግዳ ላይ ጆሮዋን አትለጥፍም፤ ግድግዳው ራሱ ጆሮዋ ነው። እሷ እንዳለችው፣ ጎረቤቷ ዊልፍ ከባሕር በተመለሰ ማግስት ለሚስቱ ለኢዳ፣ «የአግነስን ልጅ ውሃ ላይ አየሁት። ቀይ ጠጉሩን አልስትም። ስሜን እየጠራ አለፍኩት» ሲል ተሰምቷል።

ወሬ እንደ ዓሣ ነው፣ ካደረ ይሸታል። ሰኞ ማለዳ፣ የቡትል ወደብ ሴት ሁሉ ልብሷን በሕፃን ጋሪ ገፍታ የሰፈሩ ማጠቢያ ቤት ስትሰበሰብ፣ ሚስስ ፕላት ለአግነስ ትኩሱን አቀበለቻት።

አግነስ እጇ የልጇ የሌኒ ሸሚዝ ላይ ነበር። ሌኒ መርከቡ አትላንቲክ ላይ ከሰጠመ ወር አልፎታል፤ እሷ ግን ንጹሑን ሸሚዝ ሰኞ ሰኞ ታጥበዋለች። ደሟ ፈላ። ኢዳ ጋሪዋን እየገፋች ስትገባ መንገዱን ዘጋችባት።

«ባልሽ ልጄን አይቶታል ወይስ አላየውም?»

«አይቶታል።»

«እና?»

«መሪ የጨበጠው እሱ ነበር። በቅፍለት ተከታትሎ የሚጓዝ መርከብ ለሰው አይቆምም፣ አግነስ። አንቺም ታውቂዋለሽ። የቆመውን የጠላት ሰርጓጅ መርከብ ይበላዋል። ከኋላ ተከትሎ ውሃ ላይ የወደቀ ሰው የሚያነሳው መርከብም ቀድሞ ሰጥሟል።»

«ገመድስ? ገመድም ትእዛዝ ይጠይቃል?»

«ወርውረውለታል። እጁ ደንዝዞ አልያዘለትም።»

«አንድ በር አብረው ሲያንኳኩ ያደጉ ልጆች። የኔው ባሕር ውስጥ ስሙን ይጠራል፣ ያንቺው እቤቱ ገብቶ ሻይ ይጠጣል።»

የኢዳን ልብስ ከነጋሪው ገፍታ እድፋሙ ውሃ ላይ ደፋችው።

«ደግ አደረግሽ» አለች አንዷ።

«እሱ እቴ፣ ደረቱን ነፍቶ ሲሄድ ላየው ጀግና ይመስላል» አለች ሌላዋ።

«እኔ እንኳ ወሬ አልወድም» አለች ሚስስ ፕላት፣ ስብ የተቀባ ዳቦዋን እየገመጠች፣ «ግን የፈሪ አንሶላ ከኔ ጋር አይታጠብም። ትውጣልን።»

ኢዳ ጎንበስ ብላ አንሶላዋን ትለቅም ጀመር። «ከመጣ ጀምሮ እህል አልቀመሰም» አለች፣ ለማንም ሳይሆን።

ይሄኔ የአግነስ የልጅነት ጓደኛ ዶሊ ሳሙናዋን አስቀመጠች።

«አግነስ ትቆጣ፣ ባሕሩ ልጇን ነው የበላባት። እናንተን ምን አቃጠላችሁ? ያ መርከብ የጫነው ስንዴ ነው፤ ሚስስ ፕላት፣ አፍሽ ውስጥ ያለው እሱ ነው። ቅዳሜ ዳቦ ቤት ስትሰለፉ፣ ‹ለምን ሳይቆም መጣ› ያለች ማን ነበረች?»

የሚስስ ፕላት መንጋጋ ባለበት ቀረ።